አንድ መቀነት የያዙ ሁለት ፈረሰኞች

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ «አሥራ አራት ሞልቶሻል፣ ዕድሜሽን አትቀንሺ» ትለኝ ነበር፤ የተወለድኩበትን ቀን የያዘልኝ ሰው ስለሌለ ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ናት። እዚህ ጭሮ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢያስጮህም የሚሰማው አጣ። አንገቴን አውጥቼ ባይ የሠርግ ፈረሶች ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጌጥ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል። አንደኛው ጎናችንን ታክኮ ሲያልፍ የላቡና የኮርቻው ቆዳ ሽታ ባጃጇን ሞላት። ሹፌሩ ልጅ አዘነልኝና «እማማ፣ በሻሽዎ አፍንጫዎን ይያዙ» አለኝ። «ተወው ልጄ፣ ይህችን ሽታ አውቃታለሁ» አልኩት። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ግን ልቤ ጭሮ ውስጥ አልነበረም። በደሳ ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ያቺ ጠያቂ ፈረንጅ ክንዴን ይዛ «ማን አሸነፈ?» እያለችኝ።

ያኔ ይህችን ጭሮን ሁሉም አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ከእህል ተራው ፊት ለፊት ይሰፋል። አቡጀዲ፣ ፖፕሊን፣ አበባ ያለበት ቺት፣ ሁሉም በክንድ እየተለካ ይቆረጣል። በአምስት ሳንቲም የሚሰጡሽ ለውዝ ሁለት እጅ ሙሉ ነው፤ ዛሬ የልጅ ልጄ በአሥር ብር ገዝታ ስታመጣ አንድ ጉንጭ አይሞላም። ብርቱካን በቁና ይሸጥ ነበር ብላት «አያቴ ታጋንናለች» ትላለች፤ ተውኩት። ከጎናችን ሻይ ቤት ነበረ፤ ራዲዮው በግድግዳው ቀዳዳ ወደኛ ይገባል። ያን ዓመት ከተማው ሁሉ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዘፈን ነበረች፤ እሷ ስትመጣ አባቴ የመኪናውን መርገጫ ያቆማል። ጨርቁን እንደያዘ ጣራ ጣራውን ያያል፣ ዘፋኙ ሲጨርስ ጉሮሮውን ይጠርግና ይቀጥላል። ለደንበኛ የቀጠረው ልብስ ባልደረሰ ቁጥር እናቴ የምታሳብበው በዚያ ዘፋኝ ነበር።

ሚስ ኤለን ያን ጊዜ በፈቃዳቸው ሊያስተምሩ ከሚመጡት ወጣት ፈረንጆች አንዷ ናት። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ እኛ ዘንድ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይታለች። ረጅም ናት፤ ፊቷ ላይ ጤፍ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ አለ። የምታየውን ሁሉ ትጠይቃለች። ይሄ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ይታሰራል? ለምን በግራ? እናቴ አንድ ቀን ሰልችቷት «ይቺ ልጅ አገሯ የሚመልስላት ሰው ጠፍቶ ነው እንዴ እዚህ ድረስ የመጣችው?» አለች። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄደው ወንድሜ ነው፤ እኔ ፊደል የለየሁት በአባቴ መኪና ሥር ተቀምጬ፣ ወንድሜ የጣላቸውን መጻሕፍትና በጨርቅ ጣቃ ላይ የታተመውን ሁሉ እያነበብኩ ነው። የሚጠይቀኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እናቴ በጨዋታ መሀል አገሯ በደሳ አካባቢ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የፈረስ ሩጫ እንዳለ አነሳች። ሚስ ኤለን የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። አባቷ ለካ ለውድድር የሚሆን ፈረስ የሚያረባ ሰው ኖሯል፤ እሷም ከመራመዷ በፊት ኮርቻ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አልሰጠችንም። ገጠር ያለው ዘመዳችን ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፣ የሷ አማርኛ ደግሞ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ሆኜ እኔ እንድሄድ ተወሰነ።

እናቴ ያን ሰሞን አራስ ስለነበረች ልትሄድ አልቻለችም፤ ነገር ግን ልቧ እዚያ ነበር። አልጋዋ ጫፍ አስቀምጣ ነገረችኝ። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ኢፍቱ፣ ሙሜ የሚባል ቡና ገበሬ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። የእናቴና የኢፍቱ ወንድም ኢብሮ ደግሞ ከሙሜ ማሳ በላይ ጫት አለው። መሀላቸው አንዲት ምንጭ አለች፤ ግማሽ ቀን ለላይኛው፣ ግማሽ ቀን ለታችኛው ትፈስሳለች። በዚያ ዓመት ውሃው ሲያንስ ሁለቱም «ያለ ተራህ ቦዩን ከፍተሃል» ተባባሉ። ሙሜ ገበያ መሀል ቆሞ ኢብሮን ሌባ አለው። ኢብሮም ማለ፦ ሌባ ያለኝ ሰው ቤት እህቴ አታድርም። ሽማግሌዎች ለምነው እስከ ፈረሱ ቀን ጊዜ ወሰዱ። ያን ቀን ካልታረቁ ኢብሮ እህቱን ከሜዳው ይዟት ሊሄድ ነው።

«ልጆቹስ?» አልኳት።

«ልጆቹ የአባታቸው ናቸው፣ ይቀራሉ። አንቺ እንግዲህ ጨዋታ አይተሽ ብቻ እንዳትመጪ። ኢፍቱ በማን ቤት እንዳደረች አጣርተሽ ንገሪኝ።»

በመሄጃችን ዋዜማ እናቴ የሚስ ኤለንን ጉርድ ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሚስ፣ ይህን ጉልበት ይዘሽ ወንድሜ አገር አትሄጂም።» አባቴ አረንጓዴ አበባ ካለበት ቺት ረጅም ቀሚስ፣ ከሥሩ የሚለበስ ሰፊ ሱሪ ሰፋላት። ሴት በሜትር መለካት ስላፈረ በዓይኑ ነው የለካት፤ ቁመቱ ልክ መጣ፣ እጅጌው ግን ክርኗ ላይ ቀረ። እሷ በደስታ መስታወት ስትፈልግ አባቴ «እጇን ካልዘረጋች አይታወቅም» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

የሄድነው በቡና ጭነት መኪና ነው፤ ያቺ ትሬንታ ኳትሮ የምንላት አሮጌ ፊያት። ሾፌሩ የአባቴ ደንበኛ ስለሆነ ጋቢና አስገባን። እኔ መሀል፣ ማርሹ ጉልበቴን እየመታው፣ ሚስ ኤለን በመስኮቱ በኩል። የኩኒ ዳገት ላይ ብርዱ ጥርሳችንን አንቀጫቀጨው፤ ቁልቁል ስንወርድ ሞቀን። ዛሬ ልጆቼ ያንን መንገድ ስልካቸውን ሲነካኩ ያልቃል፣ ምን እንዳለፉ እንኳ አያውቁም። እኛ እያንዳንዱን ጠጠር በመቀመጫችን ቆጥረነዋል።

በደሳ ስንደርስ አጎቴ ኢብሮ መጋላ ባዝራውን እየሳበ ተቀበለን። መጋላ የሚሉት ያንን ቀላ ያለውን ቀለም ነው። ባዝራዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት፤ ከሷ ቀድሞ የደረሰ ፈረስ አልነበረም። ሚስ ኤለን ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጎንበስ ብላ የባዝራዋን ኮቴ አነሳች፣ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አየች፣ አንገቷን ደባበሰችና «በጣም ቆንጆ! በጣም ፈጣን!» አለች። አጎቴ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዘይነባ፣ ማሻ አላህ በይ በያት። ዓይን ሳይበላት ቶሎ በያት» አለኝ። ነገርኳት። እሷም ጥፋቷ ገብቷት ያን ቀን ያየችውን ሁሉ ማሻ አላህ አለች፤ ፈረሱን፣ የታዘለውን ሕፃን፣ ሸንኮራ የጫነችውን አህያ። አህያዋን ስትል ባለቤቱ ዞር ብሎ አህያዋን እንደ አዲስ ተመለከታት።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በአንዱ ጫፍ ትልቅ ሾላ አለ፣ በሌላው ጫፍ ሕዝቡ ይቆማል፤ ፈረሰኞቹ ከሕዝቡ ተነስተው ሾላውን ዞረው ይመለሳሉ። አክስቴ ኢፍቱን ሴቶቹ መሀል አገኘኋት። ትንሹን ልጇን አዝላ፣ ትልቋን በእጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ጨብጣለች። መቀነት አልታጠቀችም። እንዲህ ወገቧ ተፈትቶ አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«መቀነትሽስ?»

«ሀጂ አደም ጋ ነው» አለች። ሀጂ አደም የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው። «ይቺ ናት ፈረንጇ? እጅጌዋን ማን በላው?»

«አባዬ ነው የሰፋላት።»

«ዘፈን መጥቶበት ይሆናል» አለችና ልጇን ወደ ላይ አስተካክላ አዘለች።

የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ወጡ። በእናቴ አገር ፈረሰኛ ለብቻው አይሮጥም፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ነው የሚጋልቡት። አቧራው ተነሳ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጥንዶቹ ሾላውን ዞረው መጡ። ሚስ ኤለን በእግሯ ጣት ቆማ ነበር።

«ማን አሸነፈ?» አለችኝ። ለአክስቴ ተረጎምኩላት።

«ሁለቱም ደረሱ በያት።»

«አይደለም» አለች ሚስ ኤለን። «ጥቁሩ ፈረስ በአንድ ራስ ቀድሟል። አየሁት።»

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች አክስቴ። «ባለጌ ነው።»

ይህንን ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። ቀድሞ የሄደ ሰው ጓደኛውን ጥሎ እንደ ሸሸ እንደሚቆጠር፣ ሰው የሚመሰገነው ከጎኑ ካለው ጋር እኩል በመጋለቡ እንደሆነ ነገርኳት። ስነግራት እኔ ራሴ ገረመኝ፤ ከሕፃንነቴ የማውቀውን ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «ታዲያ ፈጣን ፈረስ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። አክስቴን ብጠይቃት «ወንድሜን ጠይቂው፣ እሱም አያውቅም» አለችኝ።

ከዚያ ሀጂ አደም መሀል ሜዳ ወጡ። በእጃቸው የአክስቴን መቀነት ይዘዋል፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ጫፉ ቀይ። የተጣሉ ሰዎች ሲኖሩ በትከሻ መያያዝ አይበቃም፤ መሀላቸው ያለችው ሴት መቀነቷን ትሰጣለች፣ አንደኛው አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ይዞ ነው የሚጋልቡት። የጎተተ ጥፋተኛ ነው። የለቀቀም ጥፋተኛ ነው። ሁለቱም ይዘውት ከተመለሱ ጠቡ ያን ቀን ያልቃል። አጎቴ ባዝራው ላይ፣ ሙሜ ደግሞ ቡና በሚጭንበት ቦራ ፈረሱ ላይ ቀረቡ። ቦራው አርጅቷል፣ ሆዱ ወርዷል፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ነጭ ብቻ ናት ያላረጀችው።

«ሀጂ፣» አለ ሙሜ፣ «ይህ ፈረስ አይሮጥም። ቀስ ብለን እንሂድ።»

«በእርምጃማ ማንም ይታረቃል» አሉ ሀጂ አደም። «ጋልቡ።»

«እኔ ባዝራዬን በዚህ ከረጢት ልክ ልይዝ ነው?» አለ አጎቴ።

«ካልቻልክ አሁን ውረድ፣ ኢብሮ። እህትህ እዚያ ቆማለች።»

አልወረደም። ሁለቱ መቀነቱን ጨበጡ፣ እጃቸው ላይ አንድ አንድ ዙር ጠመጠሙት፣ ወጡ።

ሲሄዱ ደህና ነበሩ። የአጎቴ ባዝራ አንገቷን እየሰበረች ልትፈተለክ ስትል ልጓሙን በአንድ እጁ ይስባል፤ መያዝ የለመደች ባዝራ አይደለችም፣ አፏ አረፋ ደፈቀ። መቀነቱ መሀላቸው ላይ ረገብ ብሎ ይታየናል። ሾላውን ዞሩ። ሲመለሱ ባዝራዋ ወደ ቤት መሆኑን አወቀች። ትንሽ ቀደመች፤ መቀነቱ ተወጠረ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ የአክስቴን እጅ አየሁት፤ ቀሚሷን የጨበጠው ጣቷ ነጭ ሆኗል። በዚያ ዝምታ መሀል ሚስ ኤለን ወደ ላይ ዘለለችና በሙሉ ድምጿ ጮኸች፦ «ጎበዝ ኢብሮ! ቅደም! ቅደም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ። እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ያስረዳኋት ሁሉ አሁን ገና ትዝ አላት። አክስቴ ዓይኗን ከፈረሶቹ ሳትነቅል «ምን አለችው?» አለችኝ።

«ቅደም አለችው።»

አክስቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ይህንንስ ማንም ሳይነግረው ያውቃል» አለች።

አጎቴ ጩኸቱን ይስማ አይስማ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ወደ ኋላ ተንጋሎ ባዝራዋን ያዛት፣ ቦራው ደረሰበት፣ መቀነቱም ረገበ። እኛ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ግን ክረምት የቆረጠው አንድ ፈፋ አለ። ባዝራዋ ዘለለችው። ቦራው ሊዘልል አሰበና በመሀል ሐሳቡን ለወጠ። ሙሜ በፈረሱ ራስ ላይ አልፎ ሄደ፣ እጁ ላይ የተጠመጠመው መቀነት አጎቴን ከኮርቻው ነቅሎ ከኋላው አስከተለው፤ ሁለቱም አንድ ላይ አቧራው ውስጥ ተደፉ። ባዝራዋ ብቻዋን፣ ኮርቻዋ ባዶ ሆኖ፣ ቃጭሏን እያንቃጨለች ሕዝቡ ፊት ደርሳ ቆመች። ቦራው ከፈፋው ማዶ ሣር መጋጥ ጀመረ።

አቧራው ሲበርድ ሁለቱ ቆመዋል። ሙሜ ያነክሳል፣ የአጎቴ ጥምጣም የለም። የመቀነቱ ሁለት ጫፍ ግን ሁለቱም እጅ ላይ ነው። እንደዚያው በእግራቸው መጡ፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላው እየጠበቀው፣ ሳይተያዩ።

«አሁንስ ማን አሸነፈ?» አለች ሚስ ኤለን በሹክሹክታ። የሷ ጥያቄ ለካ የሁሉም ጥያቄ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዱ «ፈረስ ላይ ሆነው አልደረሱምና አይቆጠርም» አሉ። ሌላው «አልለቀቁም እኮ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አሏቸው። «ሙሜ ጎትቷል፣ ኢብሮን የጣለው ማነው?» አለ አንድ ከኢብሮ ወገን። «መውደቅ መጎተት ነው እንዴ? አንተም ውደቅና እንይህ» አለ ከሙሜ ወገን። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ሀጂ አደም ከዘራቸውን አነሱ።

«ባለ መቀነቷ ትምጣ» አሉ።

አክስቴ ኢፍቱ ልጇን እንዳዘለች፣ ትልቋን እየሳበች ወጣች። መጀመሪያ ከወንድሟ እጅ፣ ቀጥሎ ከባሏ እጅ መቀነቱን ፈታች። ሁለቱም እጃቸው ላይ ቀይ ሰንበር ነበር። አቧራውን አራገፈችው፣ ወገቧ ላይ አዙራ አዙራ ታጠቀችና ሁለት እጇ ነፃ ሆነ።

«ምን ትያለሽ?» አሏት ሀጂ አደም።

«እርስዎ ካሉ ታርቀዋል» አለች። «ውሃውን ይካፈሉት። እኔንና ልጆቼን ግን መካፈል አይችሉም። እህቴ አሰበ ተፈሪ አራስ ናት፤ እሷን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ሁለቱ ተነጋግረው፣ አንድ ላይ መጥተው ይውሰዱኝ። ለየብቻ የመጣ ሰው በር ላይ ይመለሳል።»

አጎቴ አፉን ከፈተ። ሙሜም ከፈተ። አራስ እህቷን ልትጠይቅ የምትሄድን ሴት የሚከለክል ወንድ በዚያ አገር አልነበረም፤ ሁለቱም አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ሀጂ አደም ጢማቸውን እየዳበሱ «እሺ» አሉ፣ እልልታውም ተነሳ።

እንዲህ ሆነና በማን ቤት እንዳደረች አጣሪ የተባልኩላት ሴት ከነልጆቿ ከእኛ ጋር መኪና ላይ ወጣች። ጋቢናው ጠበበ፤ ትልቋ ልጅ ሚስ ኤለን ጭን ላይ አንቀላፋች። ሚስ ኤለን ልጅቷን ደገፍ አድርጋ ይዛ «እኛ አገር» አለች፣ «ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ዋንጫ ይሰጠዋል።»

«ምን ይጠጣበታል?» አላት ሾፌሩ።

አሰበችበት። «ምንም። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና ማርሽ ቀየረ። እናቴ በሩ ሲከፈት አልጋዋ ላይ ቀና ብላ እህቷን ስታይ አለቀሰች፤ እኔን «ወሬ አምጪ ብልሽ ባለ ወሬዋን አመጣሽልኝ» አለችኝ። ሚስ ኤለን የማስተማሪያ ጊዜዋ ሲያልቅ አገሯ ተመለሰች፤ አረንጓዴዋን ቀሚስ በሻንጣዋ ከላይ አድርጋ ወሰደቻት። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች አልሰማሁም። አንዳንዴ እዚያ ማዶ አርጅታ፣ ለልጅ ልጆቿ ስለ ቦራው ስትነግር ይታየኛል፤ ማን አሸነፈ ሲሏት ምን ትላቸው ይሆን?

እናቴ ከአራስ ቤት ከመውጣቷ በፊት ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ መጡ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ያየ ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ይምላል፤ አንዱ የሌላውን ጆንያ ይዞ ነበር። አክስቴ በአንድ ትሪ ምሳ አቀረበችላቸው። በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን እያስታጠበች «ውሃውን ማን ይከፍታል?» አለቻቸው። ተያዩ። ስለ እሱ ገና አልተነጋገሩም። «እንግዲያው እኔ እከፍታለሁ» አለች፣ ልጇን አዘለች፣ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ምንጩ የምትወጣው እሷ ናት፤ ጠዋት ቦዩን ወደ ወንድሟ ጫት ትከፍታለች፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ባሏ ቡና ታዞራለች። ሁለቱም ሞተው ልጆቻቸው ማሳውን ሲረከቡም አልተወችም። ጉልበቷ ሲደክም አካፋውን ለትልቋ ልጇ ሰጠቻት።